አየር ያጣው አዲስ ቤት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሃናን ሚዛን ከተማ የምታሠራውን ቤት ፕላን ይዛ ቴፒ ድረስ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ሳሎኑን፣ ኩሽናውን፣ የልጆቿን መኝታ ካሳየችኝ በኋላ ጥግ ላይ ያለችውን ክፍል በጣቷ ነካ አደረገች።

«ይቺ ያንቺ ናት አክስቴ። ጡረታ ከወጣሽ ወዲህ ብቻሽን መሆንሽ አላማረኝም።»

መልስ መስጠት ሲገባኝ ዓይኔ የክፍሏ መስኮት ላይ ቀረ። መስኮቷ በፊት ለፊት ብቻ ነው፤ የኋላው ግድግዳ ድፍን ነው። አየሩ በየት በኩል ይወጣል ብዬ ጠየቅኳት። ሃናን ሳቀች፤ ሰው ሁሉ ስለ ሴራሚኩና ስለ በሩ ቀለም ነው የሚጠይቃት። ሻይ ላፍላ ብላ ስትነሳ እኔ ፕላኑ ላይ እንዳቀረቀርኩ ልቤ በወጣትነቴ ወዳስተማርኩባት ጌጫ ሄደ።

ያኔ ገና ማስተማር መጀመሬ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ቴፒ፣ አባቴ ከስልጤ አገር መጥቶ በከፈታት ሱቅ ውስጥ ነው። የቴፒ ሰው ሙቀት ለምዷል። ጌጫ ስመደብ እናቴ ብርድ ልብስ ጠቅልላ እያለቀሰች ሸኘችኝ። መኪናው በደኑ መሃል እየተጠማዘዘ ሽቅብ ሲወጣ ጉሙ እየወፈረ ሄደ፤ ስንደርስ በየጓሮው ያለው እንሰት ዝናብ ያንጠባጥብ ነበር። ዝናቡ ያን ቀን የመጣ እንግዳ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ባለቤቱ እሱ ነው።

የሰጡን የመምህራን ቤት አዲስ ነበር። የብሎኬት ግድግዳ፣ ኮርኒስ፣ የመስታወት መስኮት ስላለው የከተማው ሰው ቆም ብሎ ያየው ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ አስገቡን። የአገሬው ቤት በእንጨትና በጭቃ ስለሚሠራ ጭሱም ትንፋሹም በክዳኑ መሃል ሾልኮ ይወጣል። የእኛ ግን የተከደነ ጣሳ ነበር። ከመስኮቱ የሚከፈተው ጠባብ ክንፍ ብቻ ነው፤ እሱም በበሩ በኩል። ዝናቡ ሲበረታ ግድግዳው ያልበዋል። ከአልጋዬ ራስጌ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል፤ እጠርገዋለሁ፣ ተመልሶ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ራሴን እያመመኝ ነበር የምነሳው።

ቆጮዬን በጎመን በልቼ የተማሪ ደብተር ሳርም፣ በዚያ ቤት ሌላ ሰው መኖሩን የሚነግረኝ ከግድግዳው ማዶ የሚሰማ ሳል ነበር። ጎረቤቴ ታምሩ ይባላል፤ የማጂ ልጅ፣ የሂሳብ አስተማሪ፣ ቁጥብ ሰው። አስም አለበት። ድሮ አልፎ አልፎ ይነሳበት የነበረው እዚህ ቤት ከገባ ወዲህ አልለቀው አለ። ብዙም አናወራም ነበር፤ ግን ሳሉ ጋብ ሲል እኔም እፎይ እል ነበር።

አንድ ጠዋት ክፍል ሳይገባ ቀረ። ተማሪዎቹ ሲንጫጩ ሰምቼ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፉ ላይ፣ ዝናቡ እየረጨው ተቀምጧል። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፤ መናገር አቅቶታል። በእጁ ወደ ውስጥ አመለከተኝና ራሱን ነቀነቀ። እዚያ መተንፈስ አልችልም ማለቱ ነበር።

ወደ ቴፒ የሚወርድ አይሱዙ ለምነን ወሰድነው፤ እኔም አብሬው ወረድኩ። ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ መድኃኒት ከሰጠችው በኋላ ስለሚኖርበት ቤት ጠየቀችው። እርጥበቱ፣ ሻጋታውና የቀለሙ ሽታ ሳያባብሱበት እንዳልቀሩ ነገረችን። አባቴ እኛ ቤት እንዲያርፍ አደረገ። ታምሩ ሱቁ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሙዝ እየላጠ፣ አላፊ አግዳሚውን እያየ ሲውል የፊቱ ወዝ ተመለሰ። ለካ ገና ልጅ ነው አልኩ በልቤ። እናቴ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ እሱ አንገቱ ላይ ማተብ አለው። በመካከላችን ግን የሚባል ነገር አልነበረም።

ጌጫ ስንመለስ ሁለተኛ የመምህራን ቤት በዚያው ፕላን ሊሠራ ነው ተባለ። ታምሩ ሲናደድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እርሳስና ማስመሪያ ይዞ ፕላኑን እንደገና ይስል ጀመር። ከኋላው ግድግዳ ሌላ መስኮት አወጣ፤ ከኮርኒሱ ሥር ወንፊት ያለው መተንፈሻ ጨመረ፤ ዝናብ እንዳይገባ የጣሪያውን ክፈፍ አረዘመ፤ ከሰል የሚቀጣጠልበትን ኩሽና ከመኝታው ለየ። አየር መውጫ ካላገኘ አይገባም ይለኝ ነበር። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ማሰብ ድካም እንደሆነም ይናገር ነበር።

መምህራኑ አልወደዱለትም። በእኛ ዘንድ አየር ማለት ብርድ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው የሚወርድበትን ውርጅብኝ ሁሉም ያውቃል። ከሁሉም የከረረው አንጋፋው መምህር አቶ ወልዴ ነበሩ፤ በዚህ ቁር ግድግዳ ቀዶ የሚተኛ ሰው ጤነኛ አይደለም አሉ።

ዝናብ ስለነበር ስብሰባው ታምሩ ክፍል ሆነ። ዳይሬክተሩና የግንባታው ተቆጣጣሪም መጡ። በሩን አቶ ወልዴ ራሳቸው ዘጉት። ታምሩ ብዙ ሲናገር ስለሚያፍነው ቆሜ ያስረዳሁት እኔ ነበርኩ። ከአቶ ወልዴ ጋር ተከራከርኩ፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። በዚህ መሃል መስታወቱ ደመነ፣ የእርጥብ ካፖርትና የጫማ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ ሰዉ ማዛጋት ጀመረ። ታምሩ አፉን በጋቢው ሸፈነ። ክርክሩ ሳያልቅ አቶ ወልዴ ተነሡና በሩን ገርበብ አድርገው፣ ማንንም ሳያዩ ተመልሰው ተቀመጡ። ቀዝቃዛው አየር ሲገባ ማዛጋቱ ቆመ።

ዳይሬክተሩ ወደ ተቆጣጣሪው ዞሩ። «እንግዲህ የኋላውን መስኮት አውጡለት» አሉ።

ቤቱ ክዳን ለብሶ፣ ቀለሙ መስኮቱ ተከፍቶ እየደረቀ ሳለ የታምሩ ዝውውር መጣ። ማጂ። ከቴፒ እንደተመለስን ማመልከቱን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሻንጣውን መኪና ላይ ሲያስጭን አጠገቡ ቆምኩ።

«ቤቱ እኮ ሊያልቅ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። የጥጉን ክፍል አንቺ ያዢው፤ ነፋሱ በዚያ በኩል ደህና ነው።»

ሌላ ነገር ይጨምራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱም ከእኔ የጠበቀ ይመስለኛል። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

የጥጉን ክፍል ያዝኩ። ሻጋታ የለ፣ ሽታ የለ፤ ራሴን ማመሙም ተወኝ። ማታ ደብተር ሳርም ወደ ግድግዳው ማዶ ጆሮዬን እጥል ነበር። ጎኔ ያለው ክፍል ሰው ሳይገባበት ብዙ ቆየ። እንደዚያ ያለ ጥሩ አየር እየተነፈስኩ እንደዚያ ያለ ብቸኝነት አይቼ አላውቅም። ከዓመታት በኋላ ከማጂ የመጣ ነጋዴ ታምሩ አግብቶ እንደወለደ፣ ደረቱም እንደተሻለው ነገረኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። እኔ ሳላገባ ቀረሁ።

ሃናን ሻዩን አቅርባ ይህን ሁሉ ስለ መስኮት ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። አብሮኝ ያስተምር የነበረ ሰው ነው አልኳት። ለዚያ ሰው ሌላ ስም ኖሮኝ አያውቅም። ሰው በሞላበት ስብሰባ ስለ ግድግዳ አፌን ሞልቼ ተናግሬ፣ መኪናው አጠገብ አንዲት ቃል ማጣቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ድፍረት ያጣሁ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሁለታችንም ሌላው እስኪናገር ስንጠብቅ ጊዜው አልፎ ነው።

ሃናን በእርሳስ የኋላውን መስኮት ጨምራ ፕላኑን መጠቅለል ጀመረች። ስለ ክፍሉ ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ልታስቸግረኝ አልፈለገችም መሰለኝ።

«እመጣለሁ» አልኳት፣ ጥቅልሉን ሳትቋጥረው።