ትኩሳት የያዘው ነጭ ሳጥን

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ዲግሪ» ይላቸዋል። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ ዲግሪ የተባሉት በጓሯቸው በቆመው ነጭ ሳጥን የተነሣ ነው። ሳጥኑ ባለ አራት እግር ነው፤ ጎኖቹ ነፋስ በሚያሳልፉ፣ ፀሐይ በማያስገቡ ቀጫጭን ጣውላዎች የተሠሩ ናቸው፤ በሩም ወደ ሰሜን ዞሯል። ጋሼ ዲግሪ ጠዋት በሦስት ሰዓትና ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ይከፍቱታል፤ በውስጡ ያሉት የሙቀት መለኪያዎች የሚሉትን በእርሳስ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ለአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ በስልክ ያስተላልፋሉ። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ልጃቸውን የዳሩ ዕለት እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሙሽሮቹን ከነአጃቢዎቻቸው በር ላይ አቁመው፣ «አንዴ ታገሡኝ፣ መጣሁ» ብለው ወደ ጓሮ ሄደዋል።

ከመለኪያዎቹ መካከል አንዱን «ቂመኛው» ይሉታል። ቀኑ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ የሚቀር ነውና፤ አየሩ ቢበርድም፣ ደመና ቢመጣም፣ እሱ ካልተራገፈ በቀር አይረሳም።

በዚያ ዓመት የሙቀቱ ወራት ሲገባ ሬዲዮው የክልሉን ትንበያ አሰማ። ቀን ቀን ከመጠን ያለፈ ሙቀት፣ ወደ ማታ ደግሞ ብርቱ ነፋስና ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል አለ። ትምህርት ቤቱ የመግቢያ ሰዓቱን ወደ ማለዳ ሳበ። ሰውም ነፋሱ ቆርቆሮዬን ሳይነቅለው በፊት እያለ፣ ጣራውን በብረት ለማሳሰር ከጋሼ ዲግሪ አጥር ማዶ ወዳለው በያጅ ይጎርፍ ጀመር።

ጋሼ ዲግሪ ትንበያውን ሲሰሙ ደረታቸው ትንሽ ተነፋ። «የእኔም ቁጥር አለበት» አሉ። ዳሩ ግን አንድ ነገር ከንክኗቸው ነበር። በዘጠኝ ሰዓት አየሩ ሠላሳ ሦስት ሲሆን ቂመኛው ሠላሳ ስድስት ተኩል ይላል። ሌላ ጊዜ በሁለቱ መካከል ከአንድ ዲግሪ የበለጠ ልዩነት አይተው አያውቁም። መለኪያውን አራገፉት፤ ወለወሉት፤ መነጽራቸውንም ጠረጉ። በማግሥቱ ያው ነው። ሳጥኑ ቀን ቀን እየመጣ የሚለቅ ትኩሳት የያዘው ይመስል ነበር።

ነገሩን ሲያብሰለስሉ ደብዳቤው መጣ። «ጣቢያዎ የሚያስተላልፈው ከፍተኛ ሙቀት አጠራጣሪ ሆኖ ስለ ተገኘ ሐሙስ ዕለት ተቆጣጣሪ ትመጣለች። ምክንያቱ ካልታወቀ ጣቢያው ይዘጋል፤ በራሱ በሚመዘግብ መሣሪያም ይተካል» ይላል። ጋሼ ዲግሪ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም ቁም ሣጥኑን ከፍተው የተደረደሩትን ሃያ ስምንት መዝገቦች አንድ በአንድ ተመለከቷቸው። አንድ ቁጥር ከተጠረጠረ ማን ሌላውን ያምናል?

«ሰው ገብቶበታል» አሉ በመጨረሻ።

ማን እንደሆነ ለመገመት ሩቅ አልሄዱም። ከትንበያው ወዲህ ፊቱ የፈካው ማን ነው? በያጁ ነዋ! ሙቀቱ በጨመረ፣ ሰው በፈራ ቁጥር ገበያው የሚደራለት እሱ ነው። ማክሰኞ ጠዋት በራፉ ላይ ሄደው ቆሙ።

«ጎረቤት፣ ከአጥሬ ወዲህ እጅህን ሰደድክ ወይ?»

በያጁ የፊት መከላከያውን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። «ምን ጠፋብዎት ጋሼ?»

«የጠፋ ነገር የለም። የተጨመረ ነው እንጂ። ሦስት ዲግሪ።»

«እሰይ! ለእኛ ሰፈር ዲግሪ ሲጨመር ምን ይከፋል?»

«አትቀልድ! ሳጥኔን እያሞቅህ አገር ታስፈራራለህ፤ አገር ሲፈራ ብረት ትሸጣለህ።»

ሰውዬው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ጋሼ ይሙቱ፣ ፀሐይዋን የበየድኳት እኔ ነኝ? ይልቅ የእርስዎም ጣራ አንድ ጎኑ ላልቷል፤ ይምጡና ልሰርልዎ።»

«ጣራዬን ተወው!» ብለው ተመለሱ። ይሁን እንጂ ሳቁ ራሱ አላማራቸውም፤ ንጹሕ ሰው እንዲህ ይስቃል?

የዚያን ዕለት ከባለቤታቸው የስፌት ሣጥን ጥቁር ክር ወስደው በሳጥኑ በር ላይ ገተሩ። በሙቀቱ ወራት ከምሳ በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ጋደም ማለት ልማዳቸው ነበርና ተኙ። ሲነሡ ክሩ ተበጥሷል። ጥርጣሬ በልብ ውስጥ ሲቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ተበጥሶ በዓይን ሲታይ ግን ሌላ ነው።

ረቡዕ ክሩን መልሰው ገተሩ፤ ምሳ በልተው ገቡ፤ አልተኙም። መጋረጃውን በአንድ ጣት ስፋት ገልጠው፣ ማንም እንዳይጠረጥራቸው ማንኮራፋት ጀመሩ። ታዲያ ከልካቸው አልፈው ኖሮ ልጃቸው ሥራ ስትውል ለአያቶቿ የምትተዋት ሕፃን በጓዳ ነቅታ አለቀሰች። «እሹሩሩ፣ ደረሰልሽ» የሚለው የባለቤታቸው ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ዲግሪ ዓይናቸውን ከአጥሩ አልነቀሉም። በያጁ አሁን ይዘላል፣ አሁን ይዘላል ሲሉ የጓሮው በር ሲጥ አለ።

የወጡት ባለቤታቸው ነበሩ። በሁለት እጃቸው በጨርቅ የያዙት በሰሐን የተከደነ ድስት አለ። በቀጥታ ወደ ነጩ ሳጥን ሄዱ፤ ክሩን እንደ ሸረሪት ድር በክርናቸው ጠረጉት፤ በሩን ከፈቱ፤ ድስቱን ከቂመኛው ሥር አስቀመጡ፤ ዘጉት።

ጋሼ ዲግሪ ጫማ ሳያደርጉ ወጡ።

«አንቺ ሴትዮ!»

«ውይ! ክው አደረግኸኝ እኮ! አልተኛህም እንዴ?»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ወተት ነው። ወተት አይተህ አታውቅም?»

«በመለኪያዬ ውስጥ?»

«ታዲያ የት ላብርደው? ጓዳው ራሱ ምድጃ ሆኗል። መስኮት ላይ ባስቀምጠው ድመቷ ትቀድመናለች። ልጅቷ እንደሆነ አፍልተውላት ቶሎ ካልበረደላት አገር ታቀልጣለች።»

«ይህን ሳጥን ማንም እንዳይነካው አላልኩም?»

«ብለሃል። ‹ከዚህ የተሻለ ጥላ የለም፣ ፀሐይ አይነካው፣ አቧራ አይገባው፣ ነፋስ በአራቱም በኩል ያልፍበታል› ያልከውስ ማን ነው? ሃያ ስምንት ዓመት ሰበክኸኝ፤ ዘንድሮ ባምንህ ሌባ ልሁን?»

ጋሼ ዲግሪ ድስቱን ከሳጥኑ አወጡ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ። አንተ ሳትነቃ ቀዝቅዞ አወጣዋለሁ።»

ገብተው መዝገቡን ገለጡ። ልጅቷ ከመጣች አርባ አንድ ቀኗ ነው፤ ቂመኛው ከታመመም አርባ አንድ ቀኑ። ትንበያው፣ የትምህርት ቤቱ ሰዓት፣ የበያጁ ደጃፍ ሰልፍ፣ ሁሉም በፊታቸው ተደረደረ። «የክልሉን ሕዝብ በአንድ ድስት ወተት አስደነገጥኩት ማለት ነው?»

ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀመጡ። «እንግዲህ ነገ አላስቀምጥም። ተቆጣጣሪዋ መጥታ ብታይ ሳጥኑ ደኅና ነው። ማን ይነግራታል?»

ምክሩ ደግ ነበር፤ ልባቸውም ትንሽ ዘንበል ብሎለት ነበር። ነገር ግን ሥራውን ያስተማሯቸው ሰው በመጀመሪያው ቀን ላጲሳቸውን ነጥቀው በመስኮት ወርውረውባቸዋል። በመዝገብ ላይ ስህተት አይፋቅም፤ ከሥር ያለው ቁጥር እንዲነበብ ሆኖ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፤ ምክንያቱም በጎኑ ይጻፋል። ጋሼ ዲግሪ ማስመሪያ አነሡ። አርባ አንዱን ቁጥር ሠረዙ፤ በአርባ አንዱም ጎን አንዲት ቃል ጻፉ።

ሐሙስ በስምንት ሰዓት ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ የልጃቸው እኩያ ናት። መዝገቡን ስታገላብጥ ቆየችና ቅንድቧ ወደ ላይ ተሰቀለ።

«ጋሼ፣ ይህ ‹ወተት፣ ወተት፣ ወተት› የሚለው ምንድን ነው?»

ሳይደብቁ ነገሯት። በመጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፤ ኋላ ግን ሳቋ አመለጣት። «ይቅርታ ጋሼ። የእርስዎን ቁጥር መጠርጠር ከጀመርን ቆይተናል። ትንበያው ውስጥ አላስገባነውም።»

«አላስገባችሁትም?» ጋሼ ዲግሪ ደስ ይበላቸው ይክፋቸው ግራ ገባቸው። «ታዲያ ሙቀቱ…»

«የሌሎቹ ጣቢያዎች ነው። እነሱ ዘንድ ወተት የለም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አብረው ወደ ጓሮ ወጡ። ጋሼ ዲግሪ በሩን ከፍተው አስቀድመው የሳጥኑን ወለል በእጃቸው ዳበሱ፤ ድስት የለም። ቂመኛው ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት ይላል፤ ከወተቱ ቀናት ሁሉ የበለጠ ነው። ተቆጣጣሪዋ የራሷን መለኪያ አወጣች፤ ያም ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት አለ። ባለቤታቸው ከበር ላይ ሆነው፣ «እኔ የለሁበትም!» ሲሉ ተሰማ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቆረ። ነጎድጓዱ ከመድረሱ በፊት ጋሼ ዲግሪ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ጎረቤት፣ ያ ጣራ…» አሉ። በያጁ አላስጨረሳቸውም፤ መሰላልና ጠፍጣፋ ብረት ይዞ መጣ። ይቅርታቸውንም ቆርቆሮውን እየበሳ፣ እያሰረ፣ እየሳቀ ሰማ። ነፋሱ ሲመጣ የላላው ቆርቆሮ ተንጫጫ እንጂ አልተነሣም።

ተቆጣጣሪዋ ዝናቡ እስኪያባራ ቡና እየጠጣች ሪፖርቷን ጻፈች። «መኪናው ውስጥ መሣሪያ ይዤ ነበር፤ ሳጥንዎን ነቅዬ እሱን ልተክል» አለች። «አሁን ግን ጎን ለጎን አንድ ዓመት ይሥሩ። መሣሪያው ቁጥር ይነግረኛል፤ ወተት እንደ ነበር ግን አይነግረኝም።»

በማግሥቱ ጠዋት ከነጩ ሳጥን አጠገብ ቀጭን ምሰሶ ቆሟል፤ በጫፉ ላይ ዓይኑን የማያርገበግብ ነገር ተቀምጧል። ጋሼ ዲግሪ በሦስት ሰዓት የሳጥናቸውን አነበቡ፤ ጻፉ። ከዚያም ምሰሶውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ወደ ቤት ገብተው ጥቁር ክር ይዘው ተመለሱና በመሣሪያው ክዳን ላይ ገተሩ።

«ደግሞ ማንን ልትይዝ ነው?» አሉ ባለቤታቸው ሕፃኗን እንዳዘሉ።

«እሱን ራሱን» አሉ ጋሼ ዲግሪ ወደ መሣሪያው በአገጫቸው እያመለከቱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።