ባቄላ የሚያስገባው ሽጉጥ

የስፌት መኪና ዘይት በሸተተኝ ቁጥር ሐይቅ ከተማ ዳር የነበረው ቤታችን ይመለስብኛል፤ አባቴ የመጀመሪያ ሽጉጡን የወለወለው በዚያ ዘይት ነበርና። ከዚያ ዘመን የማስታውሰውን ሁሉ ግን አላምነውም፤ ልጅ ስለነበርኩ አንዳንዱን ከታላላቆቼ ወሬ ቀድቼ የራሴ አድርጌው ይሆናል።

የመሬት አዋጁ ከታወጀ በኋላ በመጣው ክረምት አባቴ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ። መሬት የተወሰደባቸው ሰዎች ልጆች ሸፍተው አምባሰል ገደል ገብተው ስለነበር፣ ሲመሽ በሩን በግንድ ደግፈን፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር ትንፋሻችንን ውጠን እናዳምጥ ነበር። አባቴ ያለ መሣሪያ መክረም እንደማይችል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ዝናቡ አባርቶ በሐይቁ ዳር ሽምብራ ሲዘራ፣ ጋሽ ደምሴ የሚባል የመሣሪያ ነጋዴ ሁለት ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞልን መጣ። በእኛ ዘንድ የአፈሙዝን ስፋት በቁጥር የሚጠራ ወታደር ብቻ ስለነበር፣ አባቴ እንደ ሰፈሩ ሰው በእህል ፍሬ ለካው፤ አንደኛው አተር፣ ሌላኛው ባቄላ አስገባ። አተር ይሁን ሽምብራ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ባቄላው ግን ባቄላ ነበር።

«ጋሼ፣ ያተሩን ያዝ፤ ጥይቱ ባቲ ገበያ ሞልቷል» አለ የአባቴ ታናሽ ወንድም ይማም።

አባቴ ትልቁን በእጁ እየመዘነ «ይኼ ሲያገሳ አምባሰል ድረስ ይሰማል፤ ያንተው የሚያስነጥስ ነው የሚመስለው» አለው።

«አግስቶስ? ሆዱ ውስጥ ካለችው ጥይት ሌላ ምን ልታጎርሰው ነው?»

የመሣሪያ ወሬ ሲነሣ ተነሥታ ትወጣ የነበረችው እናቴ በዚያን ቀን አልወጣችም። «ወላሂ ሰይዴ፣ ለሊቀ መንበር ትልቁ ነው የሚያምርበት» አለችው አባቴን።

«አጃኢብ! እትዬ ዘሃራም ፎከረች!» ብሎ ይማም ሳቀ። አባቴ የባቄላውን ወሰደ፤ የአተሩን ይማም ለራሱ ገዛው።

በጋው ሲገባ ሽፍቶቹን ለማሳደድ መሣሪያ ያለው ሁሉ ተጠራ። አባቴ እስከዚያ ድረስ ባቲም ደሴም ጥይት ሲያፈላልግ ከርሞ ባዶ እጁን ተመልሶ ነበርና፣ ዘመቻውን የሚመራው የመቶ አለቃ ሽጉጡን ገልብጦ አይቶ «በዚህ ውጊያ አይገባም፤ አንተ ቀበሌህን ጠብቅ» ብሎ መለሰው። አባቴ በሀፍረት ሰንብቶ ከሰው ፊት ይሸሽ ነበር። ይማም ዘመተ፤ አልተመለሰም። በልቅሶው ከሁሉም አብልጣ ያለቀሰችው እናቴ ነበረች፤ ለባሏ ወንድም እንዲህ ማዘኗን ጎረቤቱ ሁሉ ያደንቅላት ነበር።

ዛሬ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ጦርነት ዳግም ካለፈባት ወዲህ፣ ልጆች የጥይትን ዓይነት በቁጥሩ እየጠሩ ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኛ በእነሱ ዕድሜ ከአፈሙዝ ስፋት በቀር የምናውቀው አልነበረም፤ እነሱ ግን ከስፋቱ አልፈው የቱ የት እንደሚገኝ ሳይቀር ያውቃሉ።

ዩኒቨርሲቲ የአንዱን ሰው ትዝታ በሌላው ማመሳከር አስተምሮኛልና፣ ወላጆቼ ካለፉ በኋላ ያረጀውን ጋሽ ደምሴን ፈልጌ፣ ሰዉ ሁሉ የሚገዛው የአተሩን ሆኖ ሳለ የባቄላውን ለምን እንዳመጣው ጠየቅሁት። ሚስቱ ቀድማ «ዘሃራ ናታ» አለች። እሱም አልካደም፤ «እውነት ነው። ሽጉጦቹን ባመጣሁላችሁ ቀን ዋዜማ እናትህ እዚሁ ደጄ ድረስ መጥታ፣ ጥይቱ የማይገኝለት የትኛው ነው ብላ ጠይቃኝ ነበር» አለኝ።