ኳሷ የምትዘገይበት ሱቅ

እትዬ አይናዲስን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል እዋሻለሁ። የማውቃቸው ፒያሳ ባለችው ትንሽ የክርና የቁልፍ ሱቃቸው፣ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠው ዳንቴል ሲሠሩ ነው። የት እንደተወለዱ፣ ባለቤታቸው መቼ እንዳረፉ፣ ለምን ቡና ትተው ሻይ ብቻ እንደሚጠጡ አልጠየቅኳቸውም። ሰው መጠየቅ ይከብደኛል። የሸሚዜ ቁልፍ በወደቀ ቁጥር እሄዳለሁ፣ ወንበር ይሰጡኛል፣ እቀመጣለሁ፤ በቃ። ስለዚህ ስለ እሳቸው አንዳንዱን ነገር ተሳስቼ ይሆናል። የላፕቶፑን ነገር ግን በዓይኔ ስላየሁት ደፍሬ እጽፈዋለሁ።

እዚያ ሱቅ ውስጥ ራቁቱን የቆመ ዕቃ የለም። ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል። ፔርሙሱ ለብሷል። የመብራት ቆጣሪው ሳይቀር ዳር ዳሩ ጽጌረዳ ያለበት ቀሚስ አለው፤ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ይቅርታ እትዬ» ብሎ ነው የሚገልጠው።

ላፕቶፑ የወንድማቸው ልጅ የጽዮን ነበር። መሥሪያ ቤቷ አዲስ ሲሰጣት አሮጌውን ከሁለት ጆይስቲክ ጋር እሳቸው ዘንድ ተወችው። ውስጡ የእግር ኳስ ጌም ነበረበት። አንድ ቀን አሳየቻቸውና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል፣ እትዬ አይናዲስ ከጎረቤታቸው ከጋሽ ሲራጅ ጋር ኳስ ይጫወታሉ። ሁለቱም ስድሳን አልፈዋል።

ጋሽ ሲራጅ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ከጠጉር የቀጠነ የወርቅ ሽቦ እየጠመዘዙ የጆሮ ጌጥ ሲሠሩ ነው ያረጁት። ባለፈው ክረምት ግን ሥራውን ለልጃቸው ለዑዘይር ለቀቁለት። ምክንያቱን ለጠየቃቸው ሁሉ «ዓይኔ ደከመ» ነው መልሳቸው። ከዚያ በኋላ ቀኑን የሚገፉበት ቦታ የእትዬ አይናዲስ ሱቅ ብቻ ሆነ።

ጨዋታቸውን ከውጭ የሚሰማ ሰው ጠብ ይመስለዋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተጫዋቾችሽን ሁዳዴ አስጾምሻቸው ነው እንዴ? አንድ እንኳ የሚሮጥ የለም!»

«ያንተስ? ረመዳን ከወጣ ስንት ጊዜው፣ በረኛህ እስካሁን መግሪብ ይጠብቃል።»

«በለው! በለው አልኩህ! ቁልፉን ተጫንኩ እኮ!»

«ከተጫንክ ሻይህን ፉት በል፤ ይመጣል።»

እውነትም ይመጣ ነበር፤ ግን ዘግይቶ። ጌሙ ሲጀምር ደህና ይሮጣል። ትንሽ ቆይቶ አጥቂው ጭቃ ውስጥ እንደገባ ሰው እግሩን መጎተት ይጀምራል። በረኛው ለኳስ ዘሎ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የጨዋታ አስተላላፊው ድምፅ ባትሪው እንዳለቀ ቴፕ ይንቋረራል።

«ወይ ይሠራ፣ ወይ ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ አልደርስም!» አሉ ጋሽ ሲራጅ አንድ ቀን። ቆባቸውን አስተካክለው ከወንበራቸው ተነሡ። «ሲመጣ እንዲህ አልነበረም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው የተበላሸው።»

እትዬ አይናዲስ ኪሮሻቸውን ሳያቆሙ፣ «ተወው ሲራጅ። እኛስ መች ፈጣን ነን?» አሉ።

«እኔ ፈጣን ነኝ! ማሽኑ ነው!» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ በኮምፒውተር አይደል የምትጽፈው?»

በእስክሪብቶ የሚጽፍ ሁሉ እስክሪብቶ አይጠግንም። ይህን ግን ያሰብኩት በኋላ ቤቴ ገብቼ ነው። እዚያው የመለስኩት «እሺ ጋሽዬ» ብዬ ነው።

የማውቀውን ሞከርኩ። የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ዘጋሁ። የጌሙን የምስል ጥራት ዝቅ ሳደርገው ሣሩ ጠፍቶ ሜዳው ሲሚንቶ መሰለ፤ ተመልካቹም በሙሉ መንታ ሆነ። አሁንም ተንቀራፈፈ። ክር ሊገዛ የገባ ሰው ሁሉ ደግሞ መድኃኒት አለው። አንዱ «ቫይረስ ነው» ይላል፣ ሌላው «ራም ጨምሩበት»። አንድ ልብስ ሰፊ ላፕቶፑን በሐዘን አይቶ፣ «ፎርማት ካልተደረገ አይተርፍም» ብሎ ሄደ። ዚፕ ሊገዙ የመጡ አንዲት እናት ብቻ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «የሰው ዓይን ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአደባባይ ኳስ ሲጫወቱ ማን ዝም ብሎ ያልፋል?» አሉ።

እዚያው አካባቢ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ጎይቶም የሚባል ላፕቶፕ ጠጋኝ አለ። ወሰድኩለት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ጌሙን ከፈተው፣ ጆይስቲክ አቀበለኝ። ተጫወትን። ላፕቶፑ እንደ ሚዳቋ ሮጠ፤ እኔም ተሸነፍኩ።

«ይሄ ጤነኛ ነው። አንተ ግን ልምምድ ያስፈልግሃል» አለኝ።

መለስኩት። እትዬ አይናዲስ ተቀብለው ቦታው አደላደሉት። ጋሽ ሲራጅ መጡ፣ ጨዋታው ተጀመረ፣ ትንሽ ቆይቶ በረኛው አየር ላይ ቀረ።

«አንተን ሲያይ ነው እንዴ የሚያመው?» አሉኝ ጋሽ ሲራጅ።

እንደገና ወሰድኩት። ጎይቶም ዘንድ ሮጠ። እንደገና መለስኩት። ተንቀራፈፈ። ላፕቶፕ አቅፎ ፒያሳን ሽቅብ ቁልቁል የሚል ሰው ሆኜ ታወቅሁ። ሊስትሮዎቹ ሳልፍ «ሕፃኑ ተሻለው?» ይሉኝ ጀመር።

በመጨረሻ ጎይቶም ነገሩ አበሳጨውና «ቆይ፣ ቤቱን ልየው» ብሎ ራሱ መጣ። ጨዋታው መሐል ላይ ደረስን። ከኋላ ቆሞ ትንሽ ተመለከተ፤ እጁን ወደ ላፕቶፑ ሥር ሰደደና የጋለ ድስት እንደነካ ሰው መነጨቀው።

«ከሥሩ ያለው ምንድን ነው?»

«ዳንቴል ነዋ» አሉ ጋሽ ሲራጅ፣ የሚያስጠይቅ ነገር መሆኑ ገርሟቸው። እኔም እኮ ያን ያህል ጊዜ ሳነሣና ሳስቀምጥ አይቼዋለሁ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ዳንቴል ማየት ግድግዳ እንደማየት ነው።

ጎይቶም ላፕቶፑን አነሣው። ነጭ፣ ወፍራም፣ ድርብ የሱፍ ዳንቴል ነው፤ አራቱም ማዕዘኑ ላይ ጽጌረዳ።

«ይሄ ማሽን የሚተነፍሰው በሆዱ ነው» አለ። «ከሥር አየር ስቦ ነው ራሱን የሚያበርደው። እናንተ ብርድ ልብስ አንጥፋችሁ አፈናችሁት። ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል።»

«እኛ ጨዋታው ሞቀ ስንል እሱ የእውነቱን ይሞቅ ነበር!» አሉ ጋሽ ሲራጅ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጎይቶምም እኔም ሳቅን። እትዬ አይናዲስ ግን አልሳቁም። ዳንቴሉን ከጎይቶም እጅ ተቀበሉ፣ በጥንቃቄ አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፣ ጆይስቲካቸውን አነሡ።

ላፕቶፑ ባዶ ባንኮኒ ላይ ሆኖ ጨዋታው ተጀመረ። ኳሷ በረረች። የአስተላላፊው ድምፅ ተስተካከለ፣ በረኛው ዘሎ መሬት ደረሰ። ጋሽ ሲራጅም ግብ ይቆጠርባቸው ጀመር።

ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው የሚጫኑት። ሲጫኑም የፈለጉትን ትተው አጠገቡ ያለውን ይነካሉ። አቀርቅሬ አየሁ፤ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው የሚይዙት ሙቀቱን ፈልገው ይመስለኝ ነበር። እትዬ አይናዲስ ማጥቃት አቆሙ። በረኛቸውን ከግቡ አውጥተው እንደ እሑድ ሽርሽር ሜዳው መሐል ያንጎራድዱት ጀመር። ጋሽ ሲራጅ ባዶው ግብ ፊት ደርሰው እንኳ ሳቱ። ጎይቶም መሳቁን አቁሞ «ሰው ይጠብቀኛል» ብሎ ወጣ።

ስድስት ለባዶ አለቀ።

«ጆይስቲኩ ነው» አሉ እትዬ አይናዲስ።

«አይደለም፣ መነጽሬን ረስቼ መጥቼ ነው» አሉ ጋሽ ሲራጅ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነበር። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ተሠራ አይደል? ጥሩ ነው» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ አልመጡም። ከዚያም በኋላ አልመጡም። እትዬ አይናዲስ ሁለት ብርጭቆ ያቀርቡና አንዱን መልሰው ያነሣሉ። ደንበኛ ሲያናግራቸው በሩን በሩን ያያሉ። አንድ ቀን ዑዘይር ሲያልፍ ጠሩት።

«አባትህ አመመው እንዴ?»

«ደህና ነው እትዬ። ቤት ቁጭ ብሎ እናቴን ሽንኩርት አከታተፍ ያስተምራታል» አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በአላህ ይዣችኋለሁ፣ መልሳችሁ ውሰዱልን።»

እትዬ አይናዲስ መደርደሪያውን ቀና ብለው ቃኙና ቡናማ የሱፍ ክር አወረዱ።

ከዚያ በኋላ የሸሚዜ ቁልፍ ባይወድቅም ሄድኩ። ገና መንገዱን ስሻገር ጩኸቱ ጆሮዬ ገባ።

«በለው! ተጫንኩ እኮ! አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ቆሻሻ መልሶ ተኛ!»

«ሻይህን ፉት በል፤ ይመጣል።»

መጣ። ኳሷ እየተጎተተች፣ እየቆመች፣ እየተነሣች፣ አየር ላይ በተንጠለጠለው በረኛ ሥር ሾልካ ገባች። ጋሽ ሲራጅ ወንበሩን ገፍተው ብድግ አሉ።

«አየህልኝ? ሦስት ለአንድ!» አሉኝ። «ላፕቶፑ መልሶ ታሟል፣ መጥተህ እየው ብላ በልጄ ላከችብኝ። ያ ጎይቶም የምትሉት ምንም አያውቅም። አሁኑኑ ሄደህ ጥራው፤ ዳንቴል ዳንቴል እያለ እንደቀባጠረ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ!»

ጎንበስ ብዬ ወደ ላፕቶፑ ሥር አየሁ። ያ ነጩ የለም። በምትኩ እጥፍ ሆኖ የተሠራ፣ ጽጌረዳ የሌለው፣ ቀለሙ ቁርጥ የባንኮኒውን እንጨት የሚመስል ቡናማ ነገር ተነጥፏል። ካላወቁ በቀር አይታይም። ቀና ስል የእትዬ አይናዲስ ዓይን ዓይኔ ላይ ነው።

«ጎይቶም ክፍለ ሀገር ወጥቷል» አልኩ።

ጎይቶም ያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ፣ ካፌው በር ላይ ቆሞ ማኪያቶ ይጠጣ ነበር። ጋሽ ሲራጅ ጀርባቸውን ስለሰጡት አላዩትም።

«ይሻለዋል!» አሉ። አንድ ጨዋታ ጨመሩ፣ አሸነፉ፤ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲደርስ ቆባቸውን አስተካክለው ተነሡ። በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ነገም ካልተሠራ እንደማልመጣ እወቂው!» አሉ።

«ቶሎ ና፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል» አሉ እትዬ አይናዲስ።

ሁለታችን ቀረን። ሬዲዮውን አየሁት፣ ፔርሙሱን አየሁት፣ ባለቀሚሱን ቆጣሪ አየሁት። የእነሱ ልብስ በዕድሜ ብዛት ወይቧል። የላፕቶፑ የመጀመሪያው ዳንቴል ግን ከመሳቢያው ጫፍ ብቅ ብሎ ሲታይ ገና አዲስ ነጭ ነው። ጋሽ ሲራጅ ሥራ የለቀቁት ባለፈው ክረምት ነው። ላፕቶፑም መንቀራፈፍ የጀመረው ያኔ ነው። ሰው መጠየቅ እንደሚከብደኝ ተናግሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን ከአፌ አመለጠኝ።

«እትዬ፣ የመጀመሪያውንም ዳንቴል ያነጠፉት... አውቀው ነበር?»

እትዬ አይናዲስ ጆይስቲኮቹን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ኪሮሻቸውን አነሡ። ከባንኮኒው ሥር የቁልፉን ቆርቆሮ አውጥተው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«የትኛው ቁልፍ ነበር የወደቀብህ?» አሉኝ።