አያ ደርሶ ዶፍ እየወረደባቸው ቤቴን ያተረፉልኝ ቀን

ትናንት ከቀትር በኋላ... ተኝቼ ሕፃኑን እያጠባሁ ሳለ ከቤቴ ጀርባ የዶማ ድምፅ ሰማሁ። ደስ አለኝ።

ባሌ ይህን ቤት የሠራው ንጉሡን ተከትሎ ለመዝመት እየተጣደፈ ነው። ተዳፋቱን ቆርጦ ደለደለ፣ ጣራውን ከደነ፣ ሄደ። ከበላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሳያወጣ! እዚህ ደብረ ታቦር ደግሞ ተዳፋት ላይ ቤት የሠራ ሰው ክረምት ሳይገባ ቦዩን ማውጣት አለበት። እሱ ከሌለ የላይኛው ጎረቤት ያወጣለታል፤ ደንባችን ነው። የላይኛው ጎረቤቴ አያ ደርሶ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ነበር። የባሌ ታናሽ ወንድም ታከለ፣ እኔን ሊጠብቅ ከይፋግ ከመጣ ገና ማደሩ ነው። ይፋግ ሜዳ ነው... ጎርፍ ከላይ ወርዶ ቤት ሲገባ የት አይቶ!

«የወንድሜን መሬት ማን ይቁረሱ አለዎት? በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁት።

ዶማው ዝም አለ። ወይ ጉዴ! በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ዳኛ ካልፈታው ከቆመበት አይነቃነቅም። አያ ደርሶ ደግሞ ሕግ ከሚያፈርሱ ሞታቸውን የሚመርጡ ሰው ናቸው።

ወዲያው ሰማዩ አጉረመረመና ዶፉ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ውሃው በግድግዳው ሥር ሰርጎ ወደ መደቡ መጣ። ልጄን ታቅፌ ብድግ አልኩ። አራስ ነኝ፣ ወዴት እወጣለሁ? ጨቅላውን ብርድ ቢመታብኝስ?

«ታከለ! ውሃው ልጁ ጋ ደረሰ! ልቀቃቸው!»

ያኔ ገባው። «አያ ደርሶ፣ በእመቤቴ፣ ትቼዋለሁ፣ ይቆፍሩ!» ይላል እየተርበተበተ።

«አይሆንም ልጄ። በሕግ ቆሜያለሁ፤ ዳኛ ይምጣ» አሉት።

በዚህ ዶፍ ዳኛ ከየት ይመጣል! ንድድ አለኝ። «አንተስ እጅ የለህም? አንተን ማን አሰረህ? ዶማውን ተቀበላቸው!»

ከዚያ ወዲያ ያለውን በግድግዳው ስንጥቅ አየሁት። አያ ደርሶ ሸማቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ፣ እግራቸውን ንቅንቅ ሳያደርጉ በጣታቸው ያሳያሉ። «ወደ ቀኝ ሳበው... ኧረ አፈሩን ወደ ቤቱ በኩል ከምር! ወደ ላይ ከከመርከውማ መልሶ ቦዩን ይሞላዋል!» ታከለ እያለከለከ ይቆፍራል። በመጨረሻ ውሃው መንገዱን አገኘና በቤቱ ጎን አልፎ ወደ ወንዙ ወረደ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ዝናቡ ሲያባራ በመንገድ የሚያልፉ አንድ ቄስ፣ መንገደኛም ዳኛ መሆን ይችላልና፣ ዳኛ ሆነው ፈቷቸው። ታከለ አያ ደርሶ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል «ተነስ፣ ይልቅ ቤቴን ልየው» ብለው ሮጡ። ለካ የራሳቸው ቦይ ገና አልተጠረገም ኖሯል! ለዘር ያስቀመጡት ገብስ በጎርፍ ርሷል።

ሲመለሱ በበሩ በኩል «ምነው አያ ደርሶ፣ የራስዎን አያስቀድሙም ነበር?» አልኳቸው።

«አራስ ያለችበት ቤት ይቀድማል» አሉኝ። እንባዬ መጣ።

ዛሬ ፀሐይ ወጥቷል። ገብሱ እንዲደርቅ ደጃቸው ላይ ተሰጥቷል፤ ታከለ ማንም ሳያዘው ከጠዋት ጀምሮ ዶሮ ያባርራል። ልጄ ደረቅ መደብ ላይ ተኝቷል... እግዜር ይስጥልኝ ማለት ለእኚህ ሰው አነሰብኝ።