የዱባ ቅጠል በአባቷ ጫማ ውስጥ

የሥራ ባልደረቦቿ «ፍየሏ» ይሏታል፤ ቅጠል አይታ አታልፍም። በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ዘጠኝ ዓመት በቴክኒሻንነት ሠርታለች። ቦርሳዋ ውስጥ መቀስና እርጥብ ሶፍት አይጠፋም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ትኩስ ቅጠል መስታወት ላይ ይነጠፋል፤ በላዩ ፈሳሽ ሲሊኮን ይፈስበታል፤ ሲሊኮኑ ጠንክሮ ሲላጥ የቅጠሉን ገጽ ይዞ ይነሳል። በዚያ ቅርጽ ላይ ሌላ ሲሊኮን ሲፈስ ደግሞ የቅጠሉ ጉብታዎች፣ በዓይን የማይታዩት ሳይቀሩ፣ በስስ ላስቲክ ላይ ይወጣሉ። ላስቲኩ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ሁለት ስስ ንጣፎች መካከል ይገባል። ሲጫኑት ጉብታዎቹ ይተኛሉ፣ ንጣፎቹ ይቀራረባሉ፣ የሚይዙት የኤሌክትሪክ መጠንም ይጨምራል። ጭማሪውን ማሽን በቁጥር ያነበዋል።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። አርባ ዓመት በአንድ ሱቅ፣ ከአንድ መስታወት ፊት ቆመዋል። ስኳር የውስጥ እግራቸውን ስሜት ከወሰደባቸው ሦስት ዓመት ሆኖታል። አምና ጫማቸው ውስጥ የገባች ጠጠር ላይ ግማሽ ቀን ቆመው ሲሠሩ አላወቁም፤ ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ነው ደም ያዩት። ቁስሉ ለመዳን አራት ወር ፈጀ። ሐኪማቸው ስታሰናብታቸው፣ «ከእንግዲህ ተቀምጠው ይሥሩ። ሁለተኛ ከቆሰለ ስለ መቁረጥ ነው የምንነጋገረው» አለቻቸው።

ልጅየዋ በእግራቸው ምትክ የሚሰማ ላስቲክ ለጫማቸው ለመሥራት የተነሳችው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የመረጠችው ውሃ እንደ ዶቃ የሚንከባለልበትን ቅጠል ነበር። ጉብታዎቹ ጥቃቅንና እኩል ናቸው። አንዲት የሩዝ ፍሬ ስትወድቅበት ማሽኑ ያውቃል። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ወንበራቸውን ስበው ሩዝ ሲጥሉበት ዋሉ። እሷም እንደ ልማዷ ከአንድ እስከ መቶ ግራም የሚዛን ድንጋይ እያስቀመጠች ቁጥሩን መዘገበችና ላስቲኩን ከማንበቢያው ማሽን ጋር ወደ ቤት ወሰደችው።

አባቷ ቆሙበት። ቁጥሩ ዘለለና እላይ ቀረ።

«ወደ ግራ ተደገፍ፣ አባዬ።»

ተደገፉ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«ወደ ቀኝስ?»

«ልደንስልሽ እንዴ?» አሉ አባቷ። «ይሄ ነገር ከእኔ እግር በምን ይሻላል?»

የቤተ ሙከራው ኩራት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደ ሩዝ ፍሬ የቀለለውን ነገር መስማት ነበር፤ ላስቲኩ ላይ ሰው ቆሞበት አያውቅም። እኩል ቁመት ያላቸው ጉብታዎች ተረከዝ እንዳረፈባቸው ሁሉም ባንድ ጊዜ ተኝተዋል። ከዚያ በኋላ የሚጫን ነገር አልቀረም።

በዚያው ሳምንት ከጎረቤት አጥር የተንጠለጠለ የዱባ ሐረግ ክንዷን ቧጨራት። ቅጠሉን ገልብጣ በማጉያ መነጽር አየችው። ረጃጅም ፀጉሮች፣ በመካከላቸው አጫጭሮች፣ ከሥር ደግሞ እንደ አሸዋ ያሉ ጉብታዎች አሉት። ረጃጅሞቹ ሲጎነበሱ አጫጭሮቹ ገና አልተነኩም።

«ልትቀቅዪው ነው?» አሏት የዱባው ባለቤት ከበር ላይ ሆነው።

«አይ እትዬ፣ ቅርጹን ልወስድ ነው።»

«ውሰጂው፣ ውሰጂው። ቅርጹ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

ሲሊኮኑን ቶሎ በሚያጠነክረው ምድጃ ሙቀት ቅጠሉ ጠወለገ፣ ፀጉሩም ተኛ። ሦስት ቅጠል ካበላሸች በኋላ ሲሊኮኑን ያለ ምድጃ አንድ ቀን ሙሉ አቆየችው። በአራተኛው ላይ አባቷ ቀኝ እግራቸውን አሳርፈው ሲቆሙ ቁጥሩ ወጣ፤ ወደ ግራ ሲደገፉ ወረደ፤ ሲመለሱ ተመለሰ። ስድስት ቁራጭ አውጥታ በቀኝ ጫማቸው ውስጥ አነጠፈችና ከስልኳ ጋር አገናኘችው።

ከሳምንት በኋላ ሱቃቸው ሄደች።

«ተቀምጠህ ነው የምትሠራው፣ አባዬ?»

«ታዲያስ። ዶክተሯ ያለችው ይጠፋኛል?»

ስልኩን አሳየቻቸው። የእግር ምስል ነው፤ ጫና የበዛበት ቦታ ይቀላል። ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው ቦታ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ቀይ ነበር፤ በየቀኑ።

«ጫማዬን ሰላይ አደረግሽው» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ተቀምጦ የሚያስተካክል የት አይተሻል? ደንበኛው ደከመው ብሎ ሌላ ቤት ይሄዳል።»

ጎንበስ ብላ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀችላቸው። ከአውራ ጣቱ ሥር የአዝራር ስፋት ያህል ቆዳ ቀልቷል፤ ሲነኩት ይሞቃል። አባቷ ተጫኑት፤ ጠንከር አድርገው ደገሙት።

«ይሄ ነው የሚያመኝ?»

«ሊያምህ ይገባ ነበር።»

ስልኩን ከእጇ ወስደው ምስሉን ከእግራቸው ጋር ሲያመሳክሩ ቆዩ።

በማግስቱ ከጓዳ ረጅም በርጩማ አወጡ፤ የደንበኛውን ወንበር እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረጉት። የመጀመሪያው ደንበኛ ታክሲ ነጂ ነበር።

«ጋሼ፣ በምን ተቀየሙኝ? መሬት አወረዱኝ እኮ።»

«አንገትህን ቀና አድርግ» አሉት።

በርጩማውን እየጎተቱ ዙሪያውን ዞሩት። የግማሽ ሰዓቱ ሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ከግራ ጆሮው በላይ ያለው መስመር ተንጋደደ፤ ነጂው አላስተዋለም፣ አባቷ አስተውለዋል። መስመሩን ሁለት ጊዜ አስተካከሉት።

«ቀዩስ?» አሉ አባቷ ነጂው ሲወጣ፣ ስልኳን ይዛ ጥግ የተቀመጠችውን ልጃቸውን።

«ቢጫ ሆኗል።»

«የሚቀጥለውን ይግባ በይው» አሉ፣ ከበርጩማው ሳይነሱ።