ታንኩ ውስጥ የጨመርኩት ላምባ

የዚያን ቀን ጠዋት ዲላ ከተማ ጋሽ ኸይሩ ሱቅ ፊት ለፊት የቆምነው አባቴ፣ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ፣ የመኪናዋ ባለቤት ጋሽ ኸይሩ፣ የመንግሥት ጋራዥ ኃላፊው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበርና እኔ ነበርን። ሰሞኑን ልጄ ደጅ ላይ የሞተር ሳይክሉን ታንክ ከፍቶ ሲያጥብ የቤንዚኑ ሽታ ጓዳ ድረስ ገብቶ ያን ጠዋት የነበርነውን ሁሉ አንድ በአንድ አስቆጠረኝ። "እማዬ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?" ሲለኝ ራሴን አሞኛል ብዬ አለፍኩት።

ዘመኑ የደርግ ነው። የተስፋዬ ስም ለውትድርና በሚሄዱት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የሚተርፈው መንግሥት ጋራዥ ከተቀጠረ ብቻ ነው። የጋራዡ ኃላፊ ደግሞ "ከመቅጠሬ በፊት ሙያህን አሳየኝ" አለው።

የጋሽ ኸይሩ አሮጌ የቤት መኪና ጨርቅ ጭና ወደ ገደብ ገበያ ስትሄድ ዳገት ላይ ትለግም ስለነበር፣ ጋሽ ኸይሩ ራሳቸው "ይቺ መኪና አይደለችም፣ ነጂዋ የሚገፋት ጋሪ ናት" እያሉ ይስቁባት ነበር። ተስፋዬ ሙያውን በእሷ ሊያሳይ ከተጣለ የጭነት መኪና ላይ አየር የሚገፋ መሣሪያ ፈታ፤ ሱፐርቻርጀር ይባላል አለኝ። ከእንሰቱ ሥር ለሳምንታት ሲሞርድ፣ ሲበሳ፣ ከካርቶን ማሸጊያ ጋስኬት ሲቆርጥ፣ ቺንጋ በሚሉት የጎማ ቀበቶ ከሞተሩ ጋር ሲያያይዘው እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ቁልፍ አቀብለው ነበር። "ካርቡራቶር ብቻ ያለው ሞተር ራሱ የሚስበውን አየር ያህል ብቻ ነው የሚጎርሰው፤ ይሄ ግን በግድ ያጎርሰዋል" አለኝ። መጀመሪያ ሲያስነሳው ከጩኸቱ የተነሳ ዶሮዎቻችን እንቁላል መጣል ተዉ፤ አባቴም "ሰውዬ፣ መኪና ነው ወይስ አውሮፕላን የሠራኸው?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አባቴን እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

ያን ጊዜ ቤንዚን በራሽን ስለነበር ሁሉም ሰው ላምባ እየቀላቀለ ነበር የሚነዳው፤ ሱቃቸው እላላክ ስለነበር የጋሽ ኸይሩን መኪና ነዳጅ መቀላቀልም የኔ ሥራ ነበር። በግድ ለሚጎርስ ሞተር ላምባ መርዝ እንደሆነ ተስፋዬ ለጋሽ ኸይሩ ነግሯቸዋል፤ ለኔ ግን ማንም አልነገረኝም። የፈተናው ቀን በማለዳ በእንጨት ስለካው ታንኩ ግማሽ አልሞላም። ዳገቱ መሐል ነዳጅ አልቆባት ብትቀርስ ብዬ ፈራሁና ሁለት ጠርሙስ ላምባ ጨመርኩበት።

ወደ ጨለለቅቱ በሚወስደው መንገድ፣ ተስፋዬ የጋሽ ኸይሩን መኪና እየነዳ፣ እኛ ከኋላ በጋራዡ መኪና እየተከተልን፣ እኔም እናቴ ጭን ላይ ተቀምጬ ሳይ፣ መኪናዋ የመጀመሪያውን ዳገት እየበረረች ወጣች። ሁለተኛው ላይ ሞተሩ ውስጥ በመዶሻ የሚመታ ይመስል ማንኳኳት ጀመረ፤ ከዚያ ነጭ ጭስ፤ ከዚያ ዝም። ፒስተኑ ተበስቶ ነበር።

ተስፋዬ ወርዶ የታንኩን ክዳን ከፍቶ አሸተተ። ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ላምባ ቀላቀልኩበት" አለ ለኃላፊው።

"የገዛ ሥራውን የማያውቅ መካኒክ ምን ያደርግልኛል?" አለ ሰውየው። ሊቀመንበሩም የተስፋዬን ስም ሳይሰርዝ የዝርዝሩን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በሳምንቱ ከሌሎች ልጆች ጋር በካሚዮን ወደ ሰሜን ተወሰደ። አንድ ደብዳቤ ብቻ መጣ፤ "እህቴ አራተኛ ክፍልን ማለፏን ጻፉልኝ" ይላል። አላለፍኩም፤ ወደ ትምህርት ቤትም አልተመለስኩም። እናቴ ጥፋቱ የተስፋዬ መሆኑን እንዳመነች ሞተች፤ አልነገርኳትም። አሁን ልጆቼ ወጥተው እስኪገቡ በር ላይ ቆሜ የምቆየው ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ ለነሱም አልነገርኳቸውም።

ከዲላ የሄደ፣ ግራ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ሲስቅ አንገቱን ዘንበል የሚያደርግ፣ ተስፋዬ የሚባል መካኒክ ያየ ወይም የቀበረ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።