ሦስተኛው መርፌ

ጁባ ውስጥ በአንድ የወባ ክትባት ጥናት ላይ ነርስ ሆኜ ስሠራ ከሁሉም በላይ ያታከተኝ «አላውቅም» ማለት ነበር። ጥናቱ የተጀመረው ክትባቱ ለሁሉም ልጅ ስለማይዳረስ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መርፌዎች ሁሉም ልጆች ሙሉ መጠን ይወጋሉ፤ በሦስተኛው ግን አንዳንዱ ሙሉ፣ አንዳንዱ የተቀነሰ ይደርሰዋል። የተቀነሰው እኩል የሚከላከል ከሆነ፣ ያለው ክትባት ለብዙ ልጅ ይበቃል። ለየትኛው ልጅ የቱ እንደደረሰ የሚያውቀው በሩን ዘግቶ የሚወጋው ባልደረባዬ ብቻ ነው፤ ለእኔም አይነግረኝም።

ይህን ለአንዲት እናት ስንት ጊዜ አስረዳኋት! ጋምቤላ መጠለያ ጣቢያ ያደገች፣ አማርኛዋ ጥርት ያለ ሴት ነበረች።

«ሲስተር፣ የእኔ ልጅ ሙሉ ነው ግማሽ የሚደርሰው?»

«አላውቅም።»

«እዚህ አይደል እንዴ የምትሠሪው?»

በሦስተኛው መርፌ ቀን ሳትመጣ ቀረች። ብደውል አታነሳም። አለቃዬ «ሂጂና አሳምኛት» አለኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ወደ ሰፈሯ በሚወስደው የጉዴሌ መንገድ ላይ የተሳፈርኩበት ቦዳቦዳ፣ ማለትም የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ሁለቴ ተንሸራተተ፤ ሁለቴም ወርጄ ገፋሁ። ቤቷ ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኛለሁ። እሷ ልጇን አዝላ ልብስ ታጥባለች።

ገና አፌን ሳልከፍት «ካምፕ እያለን ራሽን ሲቀንሱብን ‹ይበቃችኋል› ይሉን ነበር» አለችኝ። «አልበቃንም። አንቺስ ልጅ አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ግማሹን ታስወጊያታለሽ?»

«አዲስ አበባ ናት። እዚያ ወባ የለም» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከጥናቱ መውጣት መብቷ እንደሆነ፣ ሙሉውን በአቅራቢያዋ ካለው ጤና ጣቢያ ማስወጋት እንደምትችል ነገርኳት። ከጥናቱ መውጫ ቅጹን ተቀብላ ፈረመች።

አለቃዬ ወረቀቱን ሲያይ ተናደደ። «ምኑን አስረዳሻት ታዲያ?»

«አስረድቻታለሁ። ገብቷት ነው እምቢ ያለችው» አልኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ደወለች። «ሲስተር፣ ጤና ጣቢያው ክትባት አልቋል አለኝ!»

መጮህ አማረኝ። እኛስ ጠዋት ማታ የምንለፋው እንዳያልቅ አይደል? ወደ ጥናቱ እንዳልመልሳት ደንቡ አይፈቅድም፤ ዝም እንዳልል ደግሞ የዝናቡ ወቅት ነው፣ ትንኙ በርትቷል። ሥራዬ ባይሆንም በየጠዋቱ ጤና ጣቢያው እየደወልኩ «ገባ?» እል ጀመር። መዝገብ ክፍል ያለው ሰውዬ በመጨረሻማ ገና ድምፄን ሲሰማ «አልገባም» ብሎ ይዘጋብኝ ነበር። የገባ ዕለት ግን ራሱ ደወለልኝ። ወዲያው ለእሷ ደውዬ «አሁኑኑ ሂጂ» አልኳት። ሄደች፤ ልጁም ተወጋ። እፎይ አልኩ።

በማግስቱ ሻይ ይዤ እንደተቀመጥኩ ስልኬ ጮኸ።

«ሲስተር፣ ልጁን አተኩሶታል!»

«ከክትባት በኋላ ያጋጥማል። የትኩሳት ሽሮፕ ስጪው፣ ጡት አጥቢው። ካልበረደለት ወይም ከደከመ ጤና ጣቢያው ይዘሽው ሂጂ።»

«እስከ መቼ ያተኩሰዋል?»

«አንድ ሁለት ቀን።»

«አንድ ነው ወይስ ሁለት?»